አማቷ ሲስተር ያሏት ነርስ

መካነ ሰላም ውስጥ በዛችን ሁሉም ሰው የሚጠራበት አንድ ስም የለም። ገበያ ስትወጣ ሽንኩርት ሻጮቹ «ሐኪሜ» ይሏታል። በልጅነታቸው በክትባት መርፌ ያስለቀሰቻቸው፣ ዛሬ ጢም አውጥተው ባጃጅ የሚነዱት ጎረምሶች ደግሞ «እትዬ ሲስተር፣ ግቢ እናድርስሽ» እያሉ መንገድ ላይ ያቆሙላታል። ከገጠር የሚመጡት ሽማግሌዎች «ዶክተር» ብለው ይጀምሩና ጥቂት ቀን ተኝተው ሲላመዷት «ልጄ» ላይ ያርፋሉ። አንዳንዶቹ እናቶች ስም የሚባለውን ነገር ጭራሽ ይተዉትና «አላህ እጅሽን ያለምልመው» ከሚለው ምርቃት ይጀምራሉ፤ የተጠራችው እሷ መሆኗን ከምርቃቱ ማወቅ የሷ ፋንታ ነው። በዛች ለሁሉም አቤት ትላለች። ሕመም የያዘው ሰው አፉ ላይ በመጣለት ቢጠራት አይከፋትም። ጸጉሯ ግማሽ በግማሽ እስኪሸብት በዚህ ሥራ ስትኖር በአጠራር የተከፋችው በአንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው የጠራት በትክክለኛው፣ በአክብሮቱ ስም ነበር።

በዛች የከላላ ልጅ ናት። ነርስነት የተማረችው ደሴ ነው። ያን ጊዜ ከሰፈሯ ተነስታ ደሴ ድረስ ሄዳ የምትማር ሴት ስትገኝ ሰዉ ደጃፉ ላይ ወጥቶ ያያት ነበር። ተመርቃ መካነ ሰላም ስትመደብ አሁን ያለው ሆስፒታል ገና አልተሠራም። ጤና ጣቢያ ነበር፤ ዝናብ ሲወርድ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ የሰው ልብ ትርታ ለማዳመጥ እስኪያባራ መጠበቅ ነበረባት። ታደለን ያገኘችው እዚያ ነው። ታደለ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ለገበሬዎች ዘመናዊ ቀፎ ሲያሳይ ንቦቹ ተነሡበትና ፊቱ እንደ ድፎ ተነፍቶ፣ ሁለት ዓይኑ ጠፍቶ፣ በሰው ተመርቶ መጣ። መርፌውን ስትወጋው፣

«ድምፅሽ ደስ ይላል፤ መልክሽን ዓይኔ ሲገለጥ አያለሁ» አላት።

«ዓይንህ ሲገለጥ ተረኛዋ ሌላ ናት» አለችው።

ዓይኑ ሲገለጥ ግን ተመልሶ መጣ። ምንም ሕመም የለውም። ይኼን እዪልኝ፣ ይኼን እዪልኝ እያለ ደህና እጁን እያገላበጠ ሲያሳያት ሳቀች፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ሠርጉ የተደረገው በወግዲ በኩል፣ በታደለ እናት ቀዬ ነው። በዚያ ቀዬ አማት ለምራቷ ስም ታወጣለች። ሙሽራይቱ እናቷ ያወጣችላትን ስም ወላጆቿ ቤት ትታው ትመጣለች፤ በባሏ ወገን የምትጠራው አማቷ ባወጣችላት ነው። እሷም በፊናዋ የባሏን እናት በስማቸው መጥራት ነውር ስለሆነባት ቁልምጫ ታወጣላቸዋለች። የታደለ እናት፣ ወይዘሮ አትጠገብ፣ ሙሽራይቱን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ጫማዋን አዩ፤ ሰዓት ያሰረችበትን ክንዷን አዩ። ከዚያ «እኔ የሻለም ብያታለሁ» አሉ። በዛችም «እናና» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቀዬ በዛች የምትባል ሴት የለችም። ዘመዱም ጎረቤቱም የሚያውቀው የሻለምን ነው።

በዛችና ታደለ ልጅ አላገኙም። ሌላ አማት ብትሆን ነገሩን በሰበብ አስባቡ ታነሳው ነበር፤ እናና አንድ ቀን እንኳ አላነሱባትም። አንዲት ጎረቤት በጨዋታ መሀል «ታደለ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው?» ብትል እናና «የሻለምን ያመጣኋት ለልጄ ነው፤ ለዘር አይደለም። ዘር ጎተራ ውስጥ አለ» ብለው አፏን አስያዟት። ይኼን ለበዛች የነገራት ታደለ ነው። ማታ እየሳቀ ነገራት፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ሰው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አያገኝም።

ታደለ የሞተው ከከላላ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ነው። በቃሬዛ ሲገባ ተረኛዋ በዛች ነበረች። አልጮኸችም። ባሏ መሆኑን እጇ እንዳያውቅ አድርጋ ሠራች፤ ደሙን ጠረገች፣ ግሉኮስ ሰካች፣ ለሐኪሙ መብራት ያዘች። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ እናና ከተማ ነበሩ። ወሬው ገበያ ደርሶ እየሮጡ መጡና የአልጋውን ብረት ይዘው «የሻለም፣ ልጄን» አሉ። በዛች ዞር ብላ አላየችም። በየቀኑ ለማንም በምትናገርበት ድምፅ፣

«አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ» አለች።

ዘበኛው መጥቶ እናናን በትከሻቸው ይዞ አወጣቸው። ታደለ ብዙ አልቆየም። እናቱ ከበሩ ኋላ ቆመው ሳለ አለፈ።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ በዛች እግራቸው ሥር ልትወድቅ ስትጠጋ እናና ከመቀመጫቸው ብድግ አሉላት። አዎ፣ ለምራታቸው ተነሡላት። «ሲስተር፣ እርስዎም ይበርቱ» አሏት። ሰው ሁሉ ሰማ። አንዳንዱ ሐዘኑ አፋቸውን አስቶት ነው አለ። በዛች ግን ያን ጊዜውኑ ገብቷታል። እሷ እናትን አስታማሚ አለች፤ እናትም እሷን ሲስተር አሏት።

ከዚያ በኋላ በየዓመት በዓሉ ትሄዳለች። ቡናውን፣ ስኳሩን፣ ሻሹን ይዛ ትሄዳለች። ሌላው ሰው መደብ ላይ ተደርድሮ ሲጨዋወት እናና «ሲስተር መጥተዋል፤ ወንበር አውጡ» ይላሉ። ለብቻዋ ይቀርብላታል። «ይብሉ እንጂ ሲስተር። መንገዱ አደከመዎት?» ይሏታል። እንደ ወረዳ እንግዳ ተስተናግዳ፣ እስከ ደጅ ተሸኝታ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ላከች። ሽማግሌዎቹ ሄደው ሲመለሱ መልሱ አጭር ነበር፤ «ምን አጠፋች? እኔስ ምን አጠፋሁ? ማክበር ነው፣ አከበርኳት።» ሽማግሌዎቹም በዚህ ላይ የሚፈርዱት ነገር አጡ። ለስድብ ካሳ አለው፤ ለአክብሮት ምን ይባላል?

በዛች ሌላ ነገር አልተመኘችም። ሌላ ባል አላሰበችም፤ አዲስ አበባ ያሉት እህቶቿ ነይ ቢሏትም አልሄደችም። እኚህ ሴት ሳይሞቱ፣ እሷም ሳትሞት፣ አንድ ቀን እንደ ሰው፣ እንደ ቤተሰብ እንዲያናግሯት ብቻ ነበር የምትፈልገው።

እንዲህ ሆኖ ዓመታቱ ሄዱ። ሆስፒታሉ ተሠራ። አንድ ጥቅምት ላይ ትህትና የምትባል ወጣት ነርስ የሴቶች ተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ኃላፊ ሆነች። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ግን ትንሽዬ ናት፣ ፊቷም የተማሪ ፊት ነው። ታካሚው ሁሉ «አንቺ ልጅ» ይላታል። አንዱ አስታማሚ በጣቱ ጠቅሶ «ሚጡ፣ ነርሷን ጥሪልኝ» ሲላት ቢሮዋ ገብታ አለቀሰችና ሲበቃት በትልልቅ ፊደል ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች። ሴት ነርሶች ሲስተር ተብለው ከነስማቸው ይጠሩ፤ ወንድ ነርሶች ነርስ ተብለው ከነስማቸው ይጠሩ፤ አንቺ፣ አንተ፣ እቴ፣ ሚጡ ማለት ክልክል ነው። ይኼ ለሠራተኛውም ጭምር ነው።

ማስታወቂያው ብዙ ሳቅ አመጣ። ሙሐሲን የሚባለው፣ ድሮ በሰላም «ዶክተር» እየተባለ ይኖር የነበረው ወንድ ነርስ መከራ ውስጥ ገባ። አንዲት አሮጊት ማስታወቂያውን ሰው አንብቦላቸው እንዳያጠፉ ተጠንቅቀው «ሲስተር ሙሐሲን» አሉት።

«እማማ፣ እኔ ኮ ወንድ ነኝ።»

«እሱን አይቻለሁ ልጄ፤ ግን ሕግ ነው አሉኝ።»

ከዚያ ወዲያ ጓደኞቹ ሻይ ቤት ሲገባ «ሲስተር መጣች» እያሉ አስመረሩት። ሙሐሲን ትህትናን «አንቺን ለማስከበር እኔን ሴት አደረግሽኝ» ይላታል። እሷም ሳቋን እየዋጠች «ነርስ ሙሐሲን፣ አንቺ አትበለኝ» ትለዋለች።

እናና የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ያመጣቸው ጎረቤታቸው ሙሐመድኑር ነው፤ ከባጃጅ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎ አወረዳቸው። ስኳር ይዟቸው ኖሯል። የፕላስቲክ ጫማ የላጠው ጣታቸው ሳያማቸው ውስጥ ውስጡን ሄዶ ጠቁሯል። ሙሐመድኑር ሙሐሲንን ሲያይ «ዶክተር፣ ይድረሱልን» አለ።

«ዶክተር አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ አባቴ። በሩ ላይ ተጽፏል።»

«ማንበብ አልችልም ወላሂ። ብቻ ነጭ ለብሰሃል፤ ነጭ የለበሰ ሰው ካላዳነን ለምን ለበሰው?»

በዛች ድምፁን ሰምታ ከውስጥ ወጣች። እናናን ስታይ እጇ ላይ ያለው ትሪ ከበዳት። እናና ግን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «እንደምን ዋሉ ሲስተር» አሉ። በዛችም ጓንቷን አድርጋ ቁስሉን አጠበች። ስትጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር» አሉ። ፋሻ ስትቀይር እንደዚያው፤ መድኃኒት ስትሰጥ እንደዚያው፤ ትራስ ስታስተካክል እንደዚያው። በክፍሉ ውስጥ ማስታወቂያውን ሳያዛንፍ የሚያከብር አንድ ታካሚ ተገኘ፤ እሳቸውም እናና ናቸው።

ትህትና ደስ አላት። አንድ ቀን በታካሚው ሁሉ ፊት «እናት፣ እርስዎን ያየ መማር አለበት። ማን አስጠናዎት?» አለቻቸው።

«ማንም አላስጠናኝም። እኔ ከድሮም ሲስተር ነው የምላቸው» አሉ እናና፤ በዛች ባለችበት በኩል አላዩም።

ከጎናቸው ያለው አልጋ ላይ የተኙት ወይዘሮ ዘይነባ ሳቁ። «እኔስ አልለምደውም» አሉ። «የወለድኳቸው ሁሉ ጅዳ ናቸው። እዚህ ያገኘኋትን ልጄ ካላልኩ አፌ ይዝግብኛል። አብሽሪ አንቺ ልጅ፣ ብትፈልጊ ቅጪኝ።»

ትህትናም መቅጣቱን ትታ ሳቀች። በዛች ግን ለፋሻ እንደሄደች ሆና ዕቃ ቤት ገባችና እዚያ ቆየች።

ሐኪሙ ጣቱ ይቆረጥ፣ ካልተቆረጠ ወደ እግር ይወጣል አለ። ከዚያ በኋላ ግን ቀን ከሌት አጠገባቸው የሚሆን አስታማሚ ያስፈልጋል። እናና ማን አላቸው? ሴት ልጃቸው ምህረት ቤይሩት ሰው ቤት ናት። ሙሐመድኑር ጤፉ ደርሶበታል። «እኔ ላምጣ ሰው፣ ሚስቴን ላምጣ» ቢል እናና «ሚስትህ አራስ ናት፤ አላደርገውም» አሉት። ለሐኪሙም ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ከነጣቴ ልሂድ። ሰው ሳላስቸግር እቤቴ ልተኛ» አሉ።

በዛች «እኔ አለሁ አይደለም ወይ?» አለች።

«እርስዎ ስንት ሰው አለብዎት ሲስተር። ለኔ ብቻ አልተቀጠሩ።»

ንግግሩ እውነት ነበር። ለዚያ ነው የጎዳት። በዛች ወደ ትህትና ቢሮ ገብታ የዓመት ፈቃዷን ጠየቀች።

«ምን ልታደርጊበት ነው ሲስተር በዛች? ደሴ ልትሄጂ ነው?»

«እዚሁ ነኝ። አማቴን ላስታምም ነው።»

ትህትና መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የትኛዋ? ሲስተር የሚሉሽ? እኚያ አማትሽ ናቸው?»

«አማቴ ናቸው።»

«ታዲያ ጋዋንሽን ለብሰሽ አታስታምሚያቸውም? መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈሽ ልትተኚ ነው? እስቲ አስቢው፤ እኔ ሰዉ እንዲያከብረን ወረቀት እለጥፋለሁ፤ ከሁላችን ትልቋ አንቺ መሬት ላይ ትቀመጫለሽ። ነገ እኔን ምን ይሉኛል?»

«አንቺን ሲስተር ይሉሻል። ማስታወቂያሽ ደህና ነው፤ አንድም ቀን ተቃውሜሽ አላውቅም። እኔ ግን ለሳቸው ሲስተር ሆኜ ብዙ ቆየሁ። አልጠቀመንም።»

ትህትና እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። ከዚያ ፈረመች። በዛች ስትወጣ «እትዬ» አለቻት፤ የራሷን ሕግ ረስታ፣ «ብርድ ልብስ ከፈለግሽ ከዕቃ ቤት ውሰጂ።»

በማግስቱ በዛች ጋዋኗን ቤቷ ትታ፣ ነጠላ አጣፍታ፣ ሰሌንና ፔርሙዝ ይዛ ገባች። እናና አዩዋት።

«ሲስተር፣ ዛሬ ተረኛ አይደሉም?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ በደህና ነው?»

«ላስታምም ነው፣ እናና።»

እናና ዓይናቸውን ወደ ጣራው መለሱ። «እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር» አሉ።

ጣታቸው ተቆረጠ፤ ቁስሉም ደህና ያዘ። በዛች ሰሌኗ ላይ እያደረች፣ ፊታቸውን እያጠበች፣ ልብሳቸውን እያጠበች ከረመች። የአጃ አጥሚት ትሠራላቸዋለች፤ ቀምሰው «እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር፤ ግሩም ነው» ይላሉ። አንድ ቀን በስህተት አሳርራው ነበር፤ ያንንም ግሩም ነው አሉ። ቁስሉን የሚጠርገው ሙሐሲን ነው። በዛች እጇን አጣጥፋ፣ አፏን ይዛ፣ ከራስጌ ትቆማለች። ሙሐሲን «ሲስተር በዛች፣ እንዲህ ልያዘው?» ቢላት እንኳ «አንተ ታውቃለህ ልጄ» ትለዋለች። ወይዘሮ ዘይነባ ይኼን ሁሉ ጋደም ብለው ያዩና፣ አንዳንዴ ለእናና «እቴ፣ አላህ ሰው ሰጥቶሻል» ይሏቸዋል።

አንድ ጠዋት ዶክተሮቹ ታካሚ ሊጎበኙ ሲመጡ ስማቸው የሚባለው ዘበኛ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። «አስታማሚ ውጭ፣ አስታማሚ ውጭ» አለ። ሴቶቹ ፌስታላቸውን፣ ሰሃናቸውን እየሰበሰቡ ወጡ። ያለፉትን ጉብኝቶች በዛች ልብስ ማጠቢያው ጋ ሆና ነበር ያሳለፈችው። ዛሬ ግን ከእናና አጠገብ ነበረች። ነጠላዋን ይዛ ተነሳች። ስማቸው አያትና እጁን አወዛወዘ።

«አንቺን አይደለም ሲስተር፤ አንቺ ተቀመጪ።»

«አስታማሚ አይደለሁም ወይ ስማቸው?»

«ነሽ። ግን አንቺ ... ኧረ ምን ነካሽ፤ አንቺን አስወጥቼ ነገ በምን ዓይኔ አይሻለሁ?»

«እንደሌላው አድርገኝ» አለችና ከሴቶቹ ጋር ወጣች። እናና ከትራሳቸው ቀና ብለው ነበር። ስትወጣ በዓይናቸው እስከ በሩ ተከተሏት።

ውጭ አስታማሚዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። በዛች በዚያ በር በቀን ስንቴ ስትገባና ስትወጣ የኖረች ሴት፣ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ አታውቅም። ከዚያ ሲታይ በሩ ሌላ በር ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው ከከላላ በኩል የመጣች ዙሀራ የምትባል ወጣት ናት፤ እህቷን ይዛ ትናንት የገባች ስለሆነች በዛችን አታውቃትም።

«እትዬ፣ እንዲህ ሲያስወጡን ምን እያደረጓቸው ነው?» አለቻት።

«ይመረምሯቸዋል፤ ሌላ ነገር የለም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ያን ጊዜ ከውስጥ ብረት ነገር ወደቀ። ትሪ ነው፤ የትሪ ድምፅ መሆኑን በዛች ከማንም በላይ ታውቃለች፤ መቀስና ቆርቆሮ ነው፣ በቀን አንዴ ይወድቃል። ሆኖም ብድግ አለች። ዙሀራም አብራት ተነሳች። ሁለቱም በሩን አዩት። በሩ አልተከፈተም። የሆነ ሰው ሲስል ተሰማ፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። የሆነ ሰው «ያዘው፣ ያዘው» አለ። በዛች ግድግዳውን ያዘች። ግድግዳው ሸካራ ነበር፤ ብዙ እጅ የያዘው ቦታ ግን ልሟል።

«ዓይን ውስጥ ቀርቶ እግር ሲወጣ እንዴት ነው ነገሩ» አለች ዙሀራ፤ ቀስ ብላ።

በሩ እስኪከፈት ሁለቱም አልተቀመጡም።

ስትገባ እናና እንደተወቻቸው ነበሩ። ምንም አልሆኑም፤ የወደቀው ሙሐሲን የያዘው ትሪ ነው። በዛች ሰሌኗ ላይ ቁጭ አለች። እናና ጭንቅላታቸውን ወደሷ አዞሩ።

«ቆየሽ» አሉ።

በዛች የሰማችውን አላመነችም። ሲስተር አላሉም፤ የሻለምም አላሉም። በምንም አልጠሯት። ቆየሽ ነው ያሉት።

«አዎ፣ ቆየሁ።»

«ብርድ ነው ውጭ?»

«ፀሐይ ነው።»

«የኔ ቀን ካፊያ ነበር» አሉ እናና።

በዛች ያን ቀን ካፊያ እንደነበር ዛሬ ነው የምትሰማው። ያን ሁሉ ዓመት ያንን ቀን ስታመላልሰው መብራቱን፣ ደሙን፣ የሐኪሙን እጅ አይታለች፤ ካፊያ ግን በሐሳቧ መጥቶ አያውቅም።

«አላየሁም ነበር፣ እናና» አለች።

«አታዪም። ከውስጥ አይታይም» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ አኖሩት። ያዢኝም አላሉ፣ አትያዢኝም አላሉ። በዛች ያዘችው። የልጅነት ንቅሳታቸው በእጃቸው ጀርባ ላይ ደብዝዞ ነበር። ሁለቱም አላለቀሱም፤ ወይዘሮ ዘይነባ ግን ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ወደ ወዲያ ተገላበጡ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ በዛች አጥሚቱን በኩባያ አቀረበች። እናና አንድ ጊዜ ተጎነጩና ኩባያውን ከአፋቸው አራቁት።

«ይኼን የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔም ጠርጥሬያለሁ። ከተማ ውስጥ ጨው ጠፋ እንዴ?»

«ዶክተሩ ጨው ይቀንሱ ስላለ ነው እናና።»

«ታዲያ ዶክተሩ ይጠጣው። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ልብስ የታጠበበት ውኃ ነው የምታጠጪኝ። ባለፈው ደግሞ አርሮ ነበር፤ ዝም ያልኩሽ የሰው ልጅ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ዘይነባ ከሻሻቸው ሥር ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ» አሉ።

«አንቺ ደግሞ ምን ይገትርሻል?» አሉ እናና በዛችን። «ሂጂ አሙቀሽ አምጪው። ነጠላሽንም አንሺ፤ መሬቱን እየጠረግሽበት ነው። ነርስ ናት ይሉኛል ደግሞ።»

ትህትና በዚህ ሰዓት ዕቃ ይዛ እያለፈች ነበርና ቆመች። «እናት፣ ምነው ዛሬ? ሲስተር ነበር ኮ የሚሏቸው።»

እናና ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «አንቺን ነው ሲስተር የምልሽ። በኛ ነገር አትግቢ» አሉ።

ከሆስፒታሉ ጀርባ አስታማሚዎች ምግብ የሚያሞቁበት ዳስ አለ። በዛች ኩባያዋን ይዛ ስትሄድ ዙሀራ እሳት ዳር ቦታ ለቀቀችላትና ጎን ለጎን ተቀመጡ። አጥሚቱ እስኪሞቅ ዙሀራ ጠየቀቻት።

«የያዝሽው ሰው ምንሽ ናቸው?»

«አማቴ።»

«ኃይለኛ ናቸው?»

«በጣም» አለች በዛች፤ ፊቷን ከጭሱ ሸሸት አድርጋ። ቆይታ ደግሞ «ጨው ይኖርሻል? ቆንጠር አርጊልኝ» አለቻት።